ማን ሲፈልጋት ነበር?

ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት አምባ ጊዮርጊስ፣ አክስቴ ቤት፣ ምድጃ ዳር ነው። የወገራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰው ከእሳት አይርቅም፤ ወሬም የሚበስለው እዚያው ነው። አክስቴ የገብስ ቆሎ እያመሰች ጀመረች። ሰባት ጎረምሶች አንዲት ልጅ ጠልፈው ወደ ጫካ ወሰዷት። አላገባም ብትል ደበደቧት። ልጅቱ ስታለቅስ ሦስት አንበሶች ከዱሩ ወጡ፤ ጠላፊዎቹን አባረሩ፤ እሷን ግን አልነኳትም። ከበው ጠበቋት። ዘመዶቿ ሲደርሱ አንበሶቹ ተነሥተው ወደመጡበት ገቡ።

"የት ነው ይሄ የሆነው እትየ?"

"ቋራ ነዋ! ሌላ የት አንበሳ አለና?"

ከተሰበሰብነው መካከል የተጠራጠረ አልነበረም። ለምን ይጠራጠራል? ከራሷ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ዋልድባ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ያላየ ማን አለ? በእኛ አገር አንበሳ ጻድቅን እንደሚያውቅ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። የተበደለች ልጅን ቢያውቅ ምን ይገርማል?

እኔ ግን ልጅቱን ማግኘት ፈለግሁ። ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ ዓመቱን። በተገናኘሁ ቁጥር ሰው መጠየቅ ጀመርሁ። አንዱ ልጅቱ የአርማጭሆ ናት አለኝ። ሌላው መተማ አጠገብ ነው የሆነው አለ፤ የሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሳለ እንደሰማ ማለልኝ። አንድ አዛውንት በጃንሆይ ዘመን የሆነ ነው አሉ። አንድ መምህር ጭራሽ ተረት ነው ብለው ሳቁብኝ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እያንዳንዱ ተናጋሪ ከሚያውቀው ቆላ ተክሎት ነበር። ሦስት ነገር ግን ማንም አልለወጠም፤ ጠላፊዎቹ ሰባት፣ አንበሶቹ ሦስት፣ ልጅቱም አልተበላችም። አገሩና ዘመኑ እንደልብ እየተለወጠ ቁጥሩ ብቻ መጽናቱ ጥርጣሬ አሳደረብኝ። ቁጥር እንዲህ የሚጸና አንድ ቦታ ተጽፎ ከሆነ ነው።

ተጽፎም አገኘሁት። ሰኔ 14 ቀን 1997 ዓ.ም. አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ከአዲስ አበባ ያሰራጨው አጭር ዜና ነው። ቦታው ቋራ አይደለም፤ አርማጭሆም አይደለም። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፋ ደን ውስጥ ያለችው ቢታ ገነት ናት። ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በምንለው ማለት ነው። ለዜና ወኪሉ በስልክ የተናገረው ፖሊስ ሳጅን ወንድሙ ወዳጆ ይባላል። ልጅቱ 12 ዓመቷ ነበር፤ ከአራት ልጆች የመጨረሻዋ። ሰባት ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን እንድታገባ ወስደዋት ደጋግመው ደበደቧት። ሰኔ 2 ቀን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ስትገኝ፣ እንደ ሳጅኑ አነጋገር፣ አንበሶቹ ግማሽ ቀን ያህል ጠብቀዋት ነበር። ሰዎቹ ሲደርሱ እንደ ስጦታ ትተዋት ወደ ጫካ ገቡ።

አክስቴ አልዋሸችም። ከከፋ እስከ ወገራ አገር ተሻግሮ የመጣ ወሬ ሰባቱንም ሦስቱንም ሳያዛባ ደርሷታል። ያስገረመኝ ጊዜው ነው። ግንቦት 7 ምርጫ ተደርጎ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ወደ ውጤቱ ጥሏል። ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሰው በጥይት ወድቋል። በማግስቱ አንዲት ልጅ ከፋ ጫካ ዳር ከነሕይወቷ ተገኘች። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ይህ ወሬ መንገድ አግኝቶ ዓለምን መዞሩ፣ ሰው ለእንዲህ ያለ ወሬ ምን ያህል እንደተራበ ያሳያል።

ዜናው በወጣ ማግስት ግምቱ ጎረፈ። ሳጅኑ ራሱ አካባቢው ሁሉ ተአምር ነው እንዳለ ተናግሯል፤ አንበሳ ወትሮ ሰው ያጠቃልና። በገጠር ልማት ሚኒስቴር የዱር እንስሳት ባለሙያ የነበረው ስቱዋርት ዊሊያምስ ሌላ አስረዳ። የምትንሰቀሰቅ ልጅ ድምፅ የአንበሳ ግልገል ድምፅ ሊመስል ይችላል፤ ያልበሏትም ለዚህ ይሆናል፤ አለዚያ ይበሏት ነበር አለ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ በተነገረበት አገር ሁሉ ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይከራከራል፤ መልአክ ነው፣ ግልገል መስላቸው ነው። ሦስተኛ ጎራም አለ፤ "ለመሆኑ በዚያ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አንበሳ አለ ወይ?" የሚል። አንበሳን የምናውቀው በሜዳና በቁጥቋጦ ነውና ጥያቄው ከንቱ አልነበረም።

እኔም ይህን ሦስተኛውን ተከትዬ ብዙ ሄድሁ። መልሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ናቡ ከተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጋር የሚሠራው ፎቶ አንሺ ብሩኖ ዳሚቺስ በከፋ የዝናብ ደን ውስጥ አንበሳ አነሣ። ሣር ላይ አይደለም፤ የጫካ ቡና በሚበቅልበት እርጥብ ደን ውስጥ። ስለዚህ በቢታ ገነት ዙሪያ አንበሳ መኖሩ ተረት አይደለም።

አክስቴም ብትሆን በአንድ ነገር ትክክል ሆና ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ሃንስ ባወርና ባልደረቦቹ በቋራ፣ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ አንበሶችን በካሜራ አስቀርተው ለዓለም አስታወቁ። ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተደምረው ከ100 እስከ 200 ሊደርሱ ይችላሉ ተባለ። ዜናው ግኝት ተብሎ ተነገረ፤ ቋረኛው ግን አንበሳውን በድምፁ ሲያውቀው ኖሯል። ይህን ለአክስቴ ስነግራት "እና አሁን ነው ያወቁት?" ብላ አዘነችላቸው።

እዚህ ላይ ሁሉም የተገኘ መሰለኝ። ቦታው ታወቀ፤ ቀኑ ታወቀ፤ አንበሶቹም አሉ። ደብተሬን ከመዝጋቴ በፊት ዜናውን እንደገና አነበብሁት፤ በዚህኛው ንባብ ዓይኔ አንበሶቹን አልፎ ሌላ ቃል ላይ አረፈ። ልጅቱ ለአንድ ሳምንት ጠፍታ ነበር ይላል። ያገኟትም ፖሊስና ዘመዶቿ ናቸው ይላል። ፖሊስና ዘመድ አንድ ላይ፣ ከሳምንት በኋላም።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ ለማስረዳት ወደ ልጅነቴ ልመለስ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን አንድ ሰኞ አንዲት ጓደኛችን ከትምህርት ቤት ቀረች። ማክሰኞም አልመጣች። እኛ ልጆቹ ለብዙ ቀን ሌላ ወሬ አልነበረንም። ጎንደር ኮብልላ ሰው ቤት ተቀጠረች ያለ ነበር። በጭነት መኪና ሁመራ ወርዳለች ያለ ነበር። አንዷ ወንዝ ወስዷት ይሆናል ብላ አስለቀሰችን። እኔ ራሴ ዓረብ አገር ሄዳ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ዓረብ አገር የት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እውነቱ ወጣ። ሁለት ቀበሌ ዘልቆ ባል ቤት ነበረች። ጠፍታ የነበረው ለእኛ ለልጆቹ ብቻ ነው። አዋቂው ሁሉ የት እንዳለች ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር፤ ስለሚያውቅም ማንም አልፈለጋት።

በጠለፋም ልማዱ እንዲያ ነው። ዱሮ ሌባው ያልታወቀ ከብት ሲሰረቅ፣ ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ፣ አገሩ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። የተጠለፈች ልጅ ግን ማን እንደወሰዳት ስለሚታወቅ የሚያውጣጣት የለም። ፍለጋ ቢወጣ እንኳ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ወንድሞቿ ዱላ ይዘው ይሮጣሉ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ይላካል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ልጅቱ እዚያው ትቀራለች። ወደ ቤት ብትመለስ ማን ያገባታል ይባላል። ስለዚህ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በስምንተኛው ቀንም እየተፈለገች መሆኗ፣ ለእኔ፣ ከአንበሶቹ የሚበልጥ ነገር ሆነ።

ቀኑን እንደገና ቆጠርሁ፤ ሰኔ 2 ቀን 1997። ሕግ የሚያውቅ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ አዲሱ የወንጀል ሕግ መቼ በሥራ ላይ እንደዋለ ጠየቅሁት። ግንቦት 1 ቀን 1997። በአንድ ወር ከአንድ ቀኑ ነው የተገኘችው።

ይህ ወር ምን እንደለየ ላስረዳ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ቢበዛ 3 ዓመት ይታሰር ነበር፤ ያውም የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለታል። ሕጉ ራሱ ለጠላፊው ማምለጫ በር ከፍቶለት ነበር፤ በሩም ያቺው የተጠለፈችው ልጅ ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። "ድፍረት" የተባለው ፊልም የተሠራው በዚያ ታሪክ ነው። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረገው፤ በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ጠላፊው ከመጠየቅ አይድንም አለ። የተከፈተው በር ተዘጋ።

ቢታ ገነት ላይ ፖሊስ ጫካ የገባው አንቀጹን አንብቦ ነው አልልም። አባት ልጁን ለመፈለግ አንቀጽ አያስፈልገውም። ሆኖም አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢሆን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ጉዳይ ይሆን የነበረው፣ በዚያ ሰኔ ፖሊስ ሰው የሚያስርበት ወንጀል ነበር። ዜናው ሲወጣ ከሰባቱ አራቱ ተይዘው ሦስቱ ይፈለጉ ነበር። ዓለም ሦስት አንበሶችን ሲቆጥር፣ ሳጅኑ ደግሞ ሦስት ያልተያዙ ሰዎችን ይቆጥር ነበር።

አንድ ነገር ሳላርም አላልፍም። ያው ዜና፣ የተባበሩት መንግሥታትን ጠቅሶ፣ በኢትዮጵያ ከ70 ከመቶ በላይ ጋብቻ በጠለፋ ነው ብሎ ነበር፤ ቁጥሩም ከታሪኩ ጋር ዓለምን ዞረ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶቹን ራሳቸውን ሲጠይቅ ያገኘው 8 ከመቶ ገደማ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ይህን ሳነብ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ሁለት ገጽ እንኳ አልቆየም። በዚያው ጥናት፣ በክልላችን ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። የእኛን ሴቶች ልጆች መጥለፍ አያስፈልግም ነበር። ወላጅ መርቆ፣ ጥሎሽ ተቀብሎ፣ በእልልታ ይሰጣቸዋል። በእልልታ የሄደችን ልጅ ጠፋች የሚል የለም።

ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ተመለስሁ። አክስቴ ከፋ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የቡና አገር ነው አልኋት። ስለ ሕጉ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። አንበሶቹ እውነት መሆናቸውን ስነግራት "እኔስ መች ጠረጠርሁ" አለች። ከዚያ፣ ሰው ሳምንት ሙሉ ይፈልጋት ነበር ስላት፣ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

"ማን ሲፈልጋት ነበር?"

"ፖሊስና ዘመዶቿ።"

"ሳምንቱን ሙሉ?"

"ሳምንቱን ሙሉ።"

እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር። ሲዳሯት አሥር ዓመቷ ነበር፤ ይህን አውቅ ነበር። በበቅሎ ተጭና የግማሽ ቀን መንገድ እንደሄደችም አውቅ ነበር። ያላወቅሁትን ያን ማታ ነገረችኝ። በሦስተኛው ሌሊት ከዚያ ቤት ወጥታ፣ በጨለማ፣ ጅብ እየጮኸ፣ ብቻዋን እየሮጠች እናቷ ደጅ ደረሰች።

"እና?"

"እና አባቴ በጧቱ መለሰኝ።"

ቆሎው ሊያር ነበር፤ ከምጣዱ አወጣሁት።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ሳለ ታሪኩን ስታወራ ደረስሁ። አሁንም ቋራ ነው የምትለው፤ አላረምኋትም። አጀማመሩ ግን ተለውጧል። ሰባቱንም ሦስቱንም ወደ ኋላ ትታ "አንዲት ልጅ ጠፋችና" አለች፣ "ሰው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ፈለጋት።"