ከሳሎን ሳይወጡ ከወረታ ባህር ዳር

የጤና ቡድን ጨዋታ አይቶ የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ ይኖራል ማለት ይከብዳል። እሁድ ጠዋት ነው። ማሊያው ቦርጩ ላይ የተወጠረበት የቀድሞ የሰፈር ኮከብ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች እንደ ወጣትነቱ ይሮጣል። ኳስ አያያዙ አልጠፋም፣ እይታውም አለ። በ20ኛው ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማጎንበስ ይጀምራል። በ30ኛው «ቀይሩኝ» ይላል። ሰኞ ደግሞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሰውየው ችሎታው አልከዳውም፣ ያለቀበት ትንፋሹ ነው። ስድስት ቀን ተቀምጦ በሰባተኛው በሙሉ ኃይል መሮጥ ደግሞ ትንፋሽ አያመጣም፤ ልብንና ጉልበትን ያስጨንቃል እንጂ።

ታዲያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ይደረግ? «መሮጥ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። መልካም፣ ግን ሁሌም ሁሉም ቦታ አይሮጥም።

ወረታን እንውሰድ። ከባህር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎንደር ስንጓዝ የምናገኛት፣ የደብረ ታቦርና የወልዲያው መንገድ የሚገነጠልባት የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። የፋሲል ከነማ ወይም የባህር ዳር ከተማ ደጋፊ ቡድኑን ተከትሎ በመኪና ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያልፋትም እሷን ነው። በዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ እንደ ምጣድ ተዘርግቷል። በበጋ ለሩጫም ሆነ ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ሜዳ ከየት ይመጣል? ክረምት ሲገባ ግን ጨዋታው ይቀየራል። ርብና ጉማራ ይሞላሉ፣ ለሩዝ ገበሬው ሲሳይ የሆነው ውሃ ለሯጩ መንገድ ይዘጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ደህና በሚባለው ዓመትም ቢሆን ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጫማን ይዞ ያስቀራል። የሚተርፈው አስፋልቱ ነው፤ እሱንም ከአይሱዙ ጋር መጋራት ሊኖር ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ጎህ ሳይቀድ ለሩጫ መውጣት በብዙ ከተሞች የማይታሰብ የሆነበት ጊዜ እንደነበር አንባቢ አይረሳውም።

እንግዲህ ሦስትና አራት ወር ሙሉ ቤት ለዋለ ኳስ ወዳድ አንዱ መፍትሄ ባለበት ቆሞ የሚነዳው የቤት ውስጥ ብስክሌት ነው።

ዕቃው አዲስ ነገር አይደለም። በ1912 እ.ኤ.አ. የሰጠመችው ታይታኒክ የስፖርት ክፍል ውስጥ እንኳ ነበር። ስዊድናዊው ኦስትራንድና ባልደረባው ሪሚንግ በ1954 እ.ኤ.አ. የሰውን የትንፋሽ አቅም የሚለኩበትን ዘዴ ይፋ ያደረጉት ባለበት በሚቆም ብስክሌት ነው። በኮሮና ወቅት፣ ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ.፣ የፍላንደርስ ውድድር ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ ብስክሌተኞቹ በየቤታቸው ሆነው ተወዳድረው ቤልጂየማዊው ግሬግ ቫን አቨርማት አሸንፏል። እኛም ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከአትሌቲክስ ሌላ የተወዳደረችው በብስክሌት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ለኳስ ተጨዋቹ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ሲሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ጫና እግር ላይ ያሳርፋል። ብስክሌት ላይ ክብደቱን የሚሸከመው መቀመጫው ነው፤ ልብና ሳንባ ሲሠሩ ጉልበት ያርፋል። ከጉልበት ቀዶ ጥገና የሚመለሱ ተጨዋቾች ሩጫ ከመጀመራቸው በፊት ብስክሌት ላይ የሚወጡት ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚሆነው ብስክሌቱ በልክ ሲስተካከል ብቻ ነው። ያለ ልክ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ለማዳን ብሎ በገዛው ዕቃ ጉልበቱን ያሳምማል። ጉዳዩ የብስክሌቱ ዋጋ አይደለም፤ የመቀመጫው ከፍታ ነው።

ገጠማው

ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ተፈታቶ በካርቶን ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፔዳሉ ላይ ነው። ቀኝና ግራው አንድ አይደሉም፤ ዘንጋቸው ጫፍ ላይ ምልክት አለ። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። በግድ የሞከረ ሰው ጥርሱን ይበላዋል፣ ብስክሌቱም በመጀመሪያው ቀን ጋራዥ ይገባል። በመፍቻ ከመንካት በፊት በእጅ ጥቂት ዙር ማስገባት ይበጃል፤ በእጅ እሺ ካላለ ተሳስቷል ማለት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ዳዶና ቡሎኖቹን ሁሉ ዳግም ማጥበቅ አይርሱ።

ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆንም ወጣ ገባ ሊሆን ይችላል። ከእግሮቹ ሥር ያሉትን መቆጣጠሪያዎች እያዞሩ እስከማይነቃነቅ ድረስ ማስተካከል፣ ከሥሩም ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ ነው። መስኮት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ሜዳ ላይ ሲነዱ ነፋሱ ያቀዘቅዛል፣ ሳሎን ውስጥ ግን ላብ ብቻ ነው። ውሃ በቅርብ ይቀመጥ።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይቀመጥበት። ፔዳሉን የያዘውን ክንድ ወደ ጎን ገፋ ሲያደርገው የሚወላገድ ከሆነ፣ ሲዞርም የሚፋጭ ድምፅ ካለው ይተወው። መንኮራኩሩን በማግኔት የሚያከብዱት ዓይነቶች የሚፋተግ ነገር ስለሌላቸው ድምፅ የላቸውም፣ ቶሎም አያልቁም። ጭነቱ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ይሠራሉ።

መቀመጫው

መቀመጫው ላይ ወጥተው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ለመንዳት ከጣቶችዎ ሥር ያለውን ሰፊውን የእግር ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል። ልኩ ይኸው ነው። ሲነዱ ዳሌዎ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ መቀመጫው ከፍ ብሏል።

ቀጥሎ የፊትና የኋላው ነው። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል አግድም ሲሆኑ፣ ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥለው፣ በክር የታሰረ ዳዶ ከፊተኛው ጉልበትዎ ሎሚ ሥር ያንጠልጥሉ። ክሩ የፔዳሉ ዘንግ ላይ ከወረደ ጥሩ ነው። መሪው ለጀማሪ ከመቀመጫው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል፤ እንደ ቱር ደ ፍራንስ ጋላቢ መጎንበስ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ሰውነት ራሱ ይናገራል። ጉልበት ከፊት ከታመመ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላ ከታመመ ደግሞ ከፍ ብሎ። እጅ ከደነዘዘ ክብደቱ መሪው ላይ ወድቋል። በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያስተካከሉ መሞከር ነው። የተገኘውን ልክ በማርከር ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ ልጅም የትዳር ጓደኛም ቢነዱበት የራስን ልክ መልሶ ማግኘት አያስቸግርም።

ልምምዱ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እዚያ በአንድ ሳምንት አይደረስም። ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመሩ መሄድ ነው። ጭነቱ ቀለል ይበል። ቀኝ እግርዎ በ15 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጥረው በአራት ያባዙ። በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ጥሩ ነው። ጭነት አክብዶ እየተንፏቀቁ መግፋት ጉልበትን ይጎዳል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየነዱ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን ማቃት አለብዎት።

መሠረቱ ከተጣለ ከአራትና ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ኳስ አፍቃሪ ሆነን ለምን በሰዓት ብቻ እንነዳለን? የቅዳሜውን የአውሮፓ ጨዋታ ከፍተው አንደኛውን አጋማሽ እየነዱ ይዩት። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ማሟሟቂያ ናቸው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቡድን የማዕዘን ምት ባገኘ ቁጥር ለ30 ሰከንድ ማፍጠን፣ ከዚያ ወደ ቀላሉ መመለስ። በአንድ ጨዋታ በሁለቱም ቡድኖች ተደምሮ 10 ያህል የማዕዘን ምት የተለመደ ነው፤ በአንድ አጋማሽ አምስት ያህል ፍጥነት ይደርስዎታል። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቀስ ብሎ ማብረድ። ጎል ሲገባ ግን ከብስክሌቱ ዘሎ መውረድ የለም! በተለይ ስፒን የሚባለው ዓይነት መንኮራኩሩ ከፔዳሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ እግር ቢቆምም እሱ አይቆምም። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ጭፈራ። ሕፃናት ያሉበት ቤት ደግሞ ጣታቸው ካቴናው ወይም መንኮራኩሩ ውስጥ እንዳይገባ ጥንቃቄ ያሻል።

ከመጀመር በፊት

ሰኔ 2003 እ.ኤ.አ. በሊዮን ከተማ የካሜሩኑ ማርክ ቪቪያን ፎ ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረው በ28 ዓመቱ ነበር። ልቡ ላይ ችግር እንዳለ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። እሱ ፕሮፌሽናል ነበር፤ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ የ45 ዓመት ሰውማ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲሮጥ ደረቱን የወጋው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ሲነዱ ደረት ላይ ሕመም ወይም የማዞር ስሜት ከመጣ ወዲያው ቆሞ መታየት ነው።

ሌላም እውነት አለ። ብስክሌቱ ትንፋሽ ይሰጣል እንጂ ኳስ ተጨዋች አያደርግም። ድንገት መዞርን፣ መዝለልን፣ መቆምን አያለማምድም፤ ክብደት ስለማያሸክም አጥንትንም እንደ ሩጫ አያጠነክርም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ቁጢጥ ብድግና መሰል የጥንካሬ ልምምድ፣ መሬቱም ሲደርቅ ቀስ ብሎ ሩጫ ሊታከልበት ይገባል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የካሎሪ ቁጥርም ግምት ነውና ብዙ አያምኑት። የሚታመነው የተነዳበት ደቂቃ ነው።

ብዙ የቤት ውስጥ ብስክሌት መጨረሻው ልብስ ማስጫ መሆኑ የታወቀ ነው። ወረታ ያለ ሰው ግን አንድ ማበረታቻ አለው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢነዳ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሰላሳ ሰላሳ ደቂቃ ለተቀመጠበት ሰው ባህር ዳር ከሁለት ሳምንት አይርቅም። ጎንደርን ክረምቱ ሳያልቅ ደርሶ ይመለሳል። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲደርቅና የጤና ቡድኑ ሲሰበሰብ ልዩነቱ ይታያል። ያኔ በ30ኛው ደቂቃ «ቀይሩኝ» የሚለው ሌላ ሰው ይሆናል።