ካንጋል፦ የአናቶሊያው መንጋ ጠባቂ

ካንጋል በመካከለኛው ቱርክ፣ በሲቫስ ግዛት የሚገኘውን የካንጋል ወረዳን ስም የያዘ ትልቅ የመንጋ ጠባቂ ውሻ ነው። አካባቢው ደጋማ ነው፤ በብርዱ ወራት በረዶ ይጥላል፣ በበጋ ደግሞ ደረቅና ሞቃት ነው። በግ አርቢዎቹ ይህን ዝርያ ለዘመናት ሲያራቡ የኖሩት ተኩላን ለመከላከል ነው።

ወንዱ እስከ ትከሻው ሲለካ ከ70 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ነው። ሴቷ ትንሽ ታንሳለች። ጸጉሩ አሸዋማ ቀለም ያለው ሲሆን የአፉ ዙሪያና ጆሮዎቹ ጥቁር ናቸው። ከላይኛው ጸጉር ሥር ያለው ሁለተኛ የጸጉር ሽፋን ብርዱን ያስችለዋል።

መንጋ የሚነዱና የሚሰበስቡ ውሾች አሉ፤ ካንጋል ግን አይነዳም፣ ይጠብቃል። ቡችላው ገና በልጅነቱ ከበጎቹ ጋር በረት ውስጥ ስለሚያድግ እንደ ወገኖቹ ይቆጥራቸዋል። ቀን ከፍ ካለ ቦታ ተኝቶ አካባቢውን ይቃኛል። እንግዳ ነገር ሲያይ በመጀመሪያ ይጮኻል፤ ቀጥሎ በመንጋውና በመጪው መካከል ይቆማል። የሚፋለመው ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነው። ተኩላ አንገት ላይ ስለሚያነጣጥር እረኞች ሹል የብረት እሾህ ያለው ማሰሪያ ያጠልቁለታል። ምግቡም ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በውኃ የተለወሰ የገብስ ዱቄት ነው።

ይህ ችሎታው ከአናቶሊያ ርቆ ናሚቢያም ደርሷል። በዚያ አብዛኞቹ አቦሸማኔዎች የሚኖሩት ከብሔራዊ ፓርኮች ውጪ፣ በከብት አርቢዎች መሬት ላይ ሲሆን ፍየልና በግ ስለሚበሉባቸው አርቢዎቹ ይገድሏቸው ነበር። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአናቶሊያ እረኛ ውሾችንና ካንጋሎችን ለአርቢዎች ይሰጣል። አቦሸማኔ የተፈጠረው ለሩጫ እንጂ ለጠብ አይደለም፤ አንድ እግሩ ቢጎዳ አድኖ መብላት ስለሚያቅተው ትልቅ ውሻ ሲጮኽበት ጥሎ መሄድን ይመርጣል። በዚህም ፍየሉም አቦሸማኔውም ይተርፋሉ።

ካንጋል ሜዳ ላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ይወስናል። ይኸው ጠባይ ከተማ ውስጥ ችግር ይሆናል፦ ጠባብ ግቢ ያሰለቸዋል፣ ሌሊቱን ይጮኻል፣ ሲጠሩትም ቶሎ አይታዘዝም። ግዙፍነቱን ብቻ አይቶ የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያልፈለገውን ውሻ ነው። ዕድገቱም አዝጋሚ ነው፤ ሙሉ ጠባቂ የሚሆነው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ደረቱ ጥልቅ በመሆኑ ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ ሊጠመዘዝበት ስለሚችል፣ ምግቡ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ ቢሰጠው ይመረጣል።