ከራቱ ስንት ተረፈ?
የበጎ አድራጎት ክለቦች ገንዘብና ጉልበት በነጋዴ ሚዛን

ረፋድ ላይ ክራቫት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ወደ ሱቅዎ ይገባሉ። ዕቃ ሊገዙ አልመጡም፤ ከግብር መሥሪያ ቤትም አይደሉም። ቡና ከተጋበዙ በኋላ ከቦርሳቸው አንድ ጥቅል ትኬት ያወጣሉ። ገቢው ለጉድጓድ ውኃ፣ ለዓይን ሕክምና ወይም ለትምህርት ቤት ዴስክ ነው ይላሉ። ሰዎቹን ስለሚያውቋቸው ሁለት ትኬት ይገዛሉ፤ ለራቱ ግን አይሄዱም። ትኬቶቹ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ገንዘቡ የት እንደደረሰ ሳይጠየቅ ዓመቱ ያልፋል።

በሸቀጥ ገበያ እንዲህ ያለ ግዢ የለም። ስኳር የገዛ ነጋዴ ኪሎውን ያስመዝናል፤ ቤት የገዛ ካርታውን ያያል። ለበጎ አድራጎት የወጣ ገንዘብ ግን እንደ ጠፋ ገንዘብ ይቆጠራል። ለመሆኑ ሮታሪና ላየንስን የመሳሰሉ የአገልግሎት ክለቦች ገንዘቡን እንዴት ያሰባስባሉ? ከሚሰበሰበውስ ስንቱ ሥራ ላይ ይውላል?

ከከሰል ነጋዴው ጋር

የሮታሪ ታሪክ የሚጀምረው ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1905 ቺካጎ ውስጥ አራት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ጠበቃው ፖል ሃሪስ፣ አንድ የከሰል ነጋዴ፣ አንድ የማዕድን መሐንዲስና አንድ ልብስ ሰፊ። ስብሰባው በየተራ በአባላቱ ቢሮ ስለሚዞር ስሙ "ሮታሪ" ተባለ። ከየሙያው አንድ አንድ ሰው እየመለመሉ መተዋወቅና መገበያየት የመጀመሪያ ዓላማቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ ሕዝብ አገልግሎት ሲያዞሩ ከቀዳሚ ሥራዎቻቸው አንዱ በከተማዋ የሕዝብ መፀዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ገበያ ውስጥ ሲዘዋወር የሚውል ሰው የዚህን ጥቅም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ላየንስም እ.ኤ.አ. በ1917 እዚያው ቺካጎ ተወለደ። መሥራቹ ሜልቪን ጆንስ የኢንሹራንስ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ማየትም መስማትም የተሳናት ሄለን ኬለር በጉባኤያቸው ተገኝታ ለዓይነ ሥውራን እንዲቆሙ ከጠየቀቻቸው ወዲህ የዓይን ጤና መለያቸው ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአዲስ አበባ ሮታሪ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የውስጥ ሥርዓቱን ያየ ሰው እድር ክራቫት አስሮ የመጣ ሊመስለው ይችላል። መዋጮ አለ፤ የማይቀር ስብሰባ አለ፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በየዓመቱ ይቀያየራሉ። በብዙ ክለቦች የዘገየ አባል መቀጮ ይከፍላል፤ መቀጮውም ለበጎ ሥራ ይውላል። ልዩነቱ አንድ ነው። እድር የሚደርሰው ለአባሉ ነው፤ የክለቡ ገንዘብ ግን አባል ላልሆነ ሰው ይወጣል። ስለዚህ በእድር ቤት ባለጉዳዩ ራሱ ሒሳቡን ይጠይቃል፤ በክለቡ ግን ተጠቃሚው ሩቅ ስለሆነ ሰጪው ካልጠየቀ ጠያቂ የለም።

የራቱ ሒሳብ

አሁን ወደ ትኬቱ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አንድ ክለብ 300 ትኬት በ4,000 ብር ሸጠ እንበል። ገቢው 1,200,000 ብር ነው። ሆቴሉ ለአንድ ሰው 2,200 ብር ካስከፈለ 660,000 ብር ወጣ። ባንድና የድምፅ መሣሪያ 90,000፣ ኅትመትና ባነር 50,000 ብር ብንል ጠቅላላ ወጪው 800,000 ይደርሳል። የተጣራው 400,000 ብር ነው። ከእያንዳንዱ ብር 33 ሳንቲም ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

ነገሩን የሚያውቅ ክለብ ግን በዚህ አይቆምም። ባንዱንና ኅትመቱን አንድ ድርጅት በስፖንሰርነት ይሸፍናል። ምንጣፍ፣ ሥዕል ወይም የአውሮፕላን ትኬት በስጦታ ተገኝቶ በዚያው ምሽት ለጨረታ ይቀርባል። ጨረታው 260,000 ብር ቢያስገባ ጠቅላላ ገቢው 1,460,000፣ ወጪው የሆቴሉ 660,000 ብቻ ይሆናል። የተጣራው 800,000 ብር፣ ማለትም ከብሩ 55 ሳንቲም ገደማ ነው። አዳራሹም እንግዳውም ያው ነው፤ ውጤቱ ግን እጥፍ ሆነ። ቶምቦላ የሚያወጣ ክለብ ካለም የሎተሪውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መያዙን ማረጋገጥ ይገባል።

ሕጉም ስለ ወጪ ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አብዛኛው ክለብ ሥራውን ደመወዝ በማይከፈላቸው አባላት ስለሚያከናውን በዚህ በኩል ከብዙ ድርጅት ይሻላል። ወጪው የሚፈስሰው በራቱ በኩል ነው።

ብር ብርን ሲስብ

"400,000 ብር ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ የክለቦቹ ትልቁ ሀብት ይገለጣል፤ እሱም ዓለም አቀፍ ግንኙነታቸው ነው። የሮታሪ ፋውንዴሽን "ግሎባል ግራንት" የሚለው ድጋፍ ቢያንስ 30,000 ዶላር በጀት ያለው ፕሮጀክት ይፈልጋል። ፕሮጀክቱ ያለበት አገር ክለብና አንድ የውጭ አገር ክለብ አብረው መቅረብ አለባቸው። ዲስትሪክቶች ከድርሻቸው ለሚመድቡት ገንዘብ ፋውንዴሽኑ 80 በመቶ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። የውጭው ዲስትሪክት 15,000 ዶላር ቢመድብ ፋውንዴሽኑ 12,000 ይጨምርበታል። የአገር ቤቱ ክለብ 3,000 ዶላር ቢያዋጣ 30,000 ሞላ። የእኛዋ 3,000 ዘጠኝ እጥፍ ገንዘብ ስባ መጣች ማለት ነው። በየትኛውም ንግድ እንዲህ ያለ ትርፍ አይገኝም። ያቺ ትንሽ መዋጮ ከሌለች ግን የአገር ቤቱ ክለብ ለድርድር የሚቀመጥበት ወንበር ያጥረዋል።

የዶላሩ ጥላ

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ 400,000 ብር የሚያስገባ ራት ከ7,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ130 ብር ሒሳብ ግን ያው ራት 3,077 ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

የአባልነት መዋጮም አለ። የሮታሪ ዓለም አቀፍ መዋጮ በዶላር የሚተመን ሲሆን ለ2023-24 እ.ኤ.አ. 75 ዶላር የነበረው ለ2025-26 ወደ 82 ዶላር ከፍ ብሏል። በ57 ብር ሒሳብ 75 ዶላር 4,275 ብር ነበር። በ130 ብር ሒሳብ 82 ዶላር 10,660 ብር ይሆናል። ደመወዝተኛ የሆነ ወጣት አባል ይህን ሲያይ ቢያመነታ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ከውጭ በዶላር የሚመጣው ድጋፍ በብር ሲመነዘር ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ፓምፑና ቧንቧው ከውጭ የሚገባ ካልሆነ በቀር።

ይህ ሁሉ የመጣው የውጭ እርዳታ በሚሸሽበት ሰዓት ነው። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሥራውን አቁሟል። ፖሊዮን ለማጥፋት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረትም የ2026 በጀቱ በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አስታውቋል።

የማይሸጠው ጉልበት

ፖሊዮን ካነሳን የክለቦቹ ጉልበት በደንብ የታየበት ይህ ነው። ሮታሪ "ፖሊዮ ፕላስ" የተባለውን ዘመቻ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በ1988 በዓለም ላይ በዓመት 350,000 ያህል ሰው በበሽታው ይያዝ ነበር። ነሐሴ 25 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው እንዲህ ያለ ሕመም የተመዘገበው በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ነበር።

ይህ በገንዘብ ብቻ አልመጣም። ክትባቱ ሁለት ጠብታ ነው፤ ነገር ግን በበረዶ ሳጥን ተይዞ ከቤት ወደ ቤት መሄድ አለበት። የተከተበ ሕፃን ጣቱ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ያልተገኘው እንደገና ይፈለጋል። በሲያትል የኢንሹራንስ ወኪል የሆነው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዕዝራ ተሾመ የሮታሪ አባላትን ከአሜሪካ እያስከተለ ለዚህ ዘመቻ በመምጣት ይታወቃል። የራሳቸውን የአውሮፕላን ትኬት ከፍለው በር ለበር የሚዞሩ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ሥራው ግን አላለቀም። ከክትባቱ ቫይረስ የሚነሳው ሁለተኛው ዓይነት ፖሊዮ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገራችን ታይቷል፤ ሕፃናት በየዘመቻው መከተብ አለባቸው።

የላየንስና የካርተር ማዕከል የአማራ ክልል የትራኮማ ሥራም ሌላው ምሳሌ ነው። ትራኮማ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ያጥፋል፤ ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ዓይንን ይፍቃል። በገጠር ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም። መድኃኒቱን በነፃ የሚሰጠው ፋይዘር ኩባንያ ነው፤ መንደር ድረስ ማዳረሱ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ የፊት ንጽሕናውና መፀዳጃ ቤቱ ግን የሰው ጉልበት ይጠይቃል። በኢኮኖሚ ዓይን ስናየው አንድ ጎልማሳ ሲታወር የሚጠፋው የአንድ ሰው ጉልበት አይደለም። ዱላ ይዞ የሚመራው ልጅም ከትምህርት ቤት ይቀራል።

ስለዚህ ነጋዴው ከትኬት ሌላ የሚሰጠው አለው። አይሱዙ ያለው ለአንድ ቅዳሜ መኪናውን ከነሾፌሩ ቢያውስ፣ የሒሳብ ባለሙያ መዝገባቸውን ቢያይላቸው፣ መጋዘን ያለው አንድ ጥግ ቢለቅላቸው ከጥሬ ገንዘብ የሚተናነስ አይደለም። ይህ ስጦታ የሆቴል ወጪ የለበትም፤ በምንዛሪም አይሸረሸርም።

ትኬት ከመግዛት በፊት

እምቢ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ቢጠየቁ መልስ የማያሳጡ ጥያቄዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ያለፈው ዓመት ዝግጅት ገቢው ሳይሆን የተጣራው ስንት ነበር? ሁለተኛ፣ ሒሳቡን ማን መረመረው? ሦስተኛ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተቆፈረው ጉድጓድ ዛሬ ውኃ ይሰጣል? የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ምርቃት ላይ ፎቶ መነሣት ቀላል ነው። ፓምፑ ሲሰበር መለዋወጫ የሚገዛ የመንደር ኮሚቴና ትንሽ የጥገና ተቀማጭ ከሌለ ግን ገንዘቡ መሬት ውስጥ ተቀበረ።

አራተኛው ስለ ደረሰኝ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሕጋዊ ለሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ግብር የሚከፈልበት 2,000,000 ብር ያለው ኩባንያ 200,000 ብር ቢሰጥና 30 በመቶ የሚከፍል ከሆነ 60,000 ብር ከግብሩ ይቀንስለታል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ከሒሳብ ሠራተኛዎ ጋር ይዩት፤ ተቀባዩ ክለብም መመዝገቡን ይጠይቁ። ብዙ ነጋዴ ይህን መብቱን የሚያጣው ደረሰኝ መጠየቅ ስለሚያፍር ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳውም ሎሚ ሲቆጠር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ባለ ክራቫቶቹ ሲመጡ ቡናውን ይጋብዟቸው፤ ትኬቱንም ይግዙ። ከዚያ ያለፈውን ራት ሒሳብ ይጠይቋቸው። በደንብ የሚሠራ ክለብ ጥያቄውን በደስታ ይቀበለዋል፤ ምናልባትም ገንዘብ ያዥ እንዲሆኑ ይጠይቅዎታል።