ከፌስታሉ የወጣው

በገበያ ቀን አንድ ጎልማሳ አምበር ከተማ ወዳለው መድኃኒት ቤታችን ገብቶ እህቱ ከአሜሪካ የላከችውን ካርቶን አስቀመጠልኝ፦ ዶኔፔዚል፣ 10 ሚሊግራም።

«ዶክተር፣ ለእናቴ ነው። ስንት ቀን ስትውጠው ማስታወሷ ይመለስላታል?»

እናቱ የታወቁ ስፌት አዋቂ ነበሩ። አሁን ግን አክርማውን እንደያዙ ዙሩ ይጠፋባቸዋል፤ ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ይጨምራሉ። ጎረቤቱ «ጃጅተው ነው» ብሎ ተቀብሎታል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይቃዣሉ።

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቦ እንዲያመጣልኝ ለመንሁት። በማግስቱ በፌስታል ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። የደም ግፊት ክኒን፣ ለእግር ማቃጠል የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን፣ ለማሳከክ የተገዛ ክሎርፌኒራሚን። የኋለኞቹን ሁለቱን ማታ ማታ አብረው ይውጧቸዋል። ክሎርፌኒራሚኑ ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ለማን እንደሆነ፣ ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ሳልጠይቅ የሸጥሁት እኔ ነኝ።

ዶኔፔዚል አንጎል ለማስታወስ የሚሻው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ያንኑ አሴቲልኮሊን ሥራውን ይከለክሉታል። የአገራችን ሰው አስተናግር የሚባለውን ተክል የቀመሰ ሲቀባጥር ሲያድር አይቷል፤ አስተናግርም የሚያስቀባጥረው በዚሁ መንገድ ነው። ለልጁ ይህን ስነግረው ወዲያው ገባው።

የከበደኝ የካርቶኑን እውነት መንገር ነበር። ዶኔፔዚል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ ግን አያድንም፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን መግፋቱንም አያቆምም። አንዳንዱን ሰው ለጊዜው ይደግፋል፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። የሚጀመረው ግን በ5 ሚሊግራም ነው፤ ወደ 10 የሚወጣው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታይቶ ነው። በአንዴ 10 ቢጀምሩት ማቅለሽለሹና ተቅማጡ እህል ያስጠላቸዋል። የልብ ምትም ሊያዘገይ ስለሚችል ሐኪም ሳያያቸው እንዳይነካ አልሁት።

የክኒኖቹን ዝርዝር ጽፌ ደብረ ማርቆስ ወደ ሐኪም ላክኋቸው። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ በቀስ አስቀነሳቸው፤ ክሎርፌኒራሚኑን አስተዋቸው። ካርቶኑ ለጊዜው ሳይከፈት ይቆይ አለ።

ከወር በኋላ ልጁ ለግፊቱ ክኒን መጣ።

«ቅዠቱስ ለቋታል። እኔን ግን አሁንም በሟች ወንድሜ ስም ትጠራኛለች።»

«ስፌቱስ?»

«ትሰፋለች። ዙሩ ሲጠፋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ የተሳሳተውን እፈታላታለሁ፤ እንደገና ትጀምራለች።»