በሰማይ ያለች ላም በጨረታ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በባለ ላሟ ለመሳቅ ነው። በኢንተርኔት ጨረታ ግን የሚሳቅበት ሰው ተለውጧል። ሻጩ የላሟን ፎቶ ይለጥፋል፣ ያጫርታል፣ ከአሸናፊው ገንዘብ ይቀበላል፤ ላም ፍለጋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካገኘ ትርፉን ወደ ኪሱ ያስገባል። ካጣ «ይቅርታ፣ ላሟ ታመመችብኝ» ብሎ ገንዘቡን ይመልሳል። የማይመልስም አለ።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማታ ማታ ኢቤይ ላይ የድሮ ገንዘብና ቴምብር እሸጣለሁ። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ብር፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቴምብር፣ አልፎ አልፎም ፖስት ካርድ። ዕቃዬ ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ ፎቶ የማነሳውም፣ የምመዝነውም፣ የምጠቀልለውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ስቆይ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የት ነው ያለው?» የሚለው መቅደም እንዳለበት ነው።

አንድ ጊዜ እኔ ሸጬያት በፖስታ መንገድ ላይ ያለች የምኒልክ ብር ሌላ ሰው ሲያጫርታት አገኘሁ። እሷን የመሰለች ማለቴ አይደለም፤ ራሷን ነው። የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ብሮች ፓሪስ ውስጥ ተመትተው 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን በግዕዝ ቁጥር የተቀረጸባቸው ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ከእጅ እጅ ሲዘዋወሩ፣ ከረጢት ውስጥ ሲንኳኩ፣ የአንገት ጌጥ ሲሆኑ ስለኖሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባሳ አላቸው። የእኔዋ ከንጉሡ ዘውድ በታች ሰያፍ ጭረት ነበረባት። ሰውዬው የለጠፈው ፎቶ ላይ ጭረቷ አለች፤ እኔ ከሥሯ ያነጠፍኩት ሰማያዊ ጨርቅ ሳይቀር አለ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው ምንም ሳይደነግጥ መለሰልኝ፤ ጨረታው ጥሩ ዋጋ ካወጣ ከእኔ ገዝቶ ለአሸናፊው ሊልክ ነበር ያሰበው። ብሯ ሌላ ክፍለ ግዛት ልትገባ ነው፤ በእሱ ጨረታ ላይ ግን ሰዎች አሁንም ዋጋ ይጨማምራሉ።

ፎቶ የሚመሰክረው ስለ ፎቶ ነው

ኢቤይን ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምረው የመጀመሪያው ሽያጭ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነበር፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ዕቃው በሻጩ እጅ ነበረ፤ መበላሸቱም አልተደበቀም። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲገበያዩ ያደረገው ይህ ዓይነቱ ግልጽነት ነው፤ ሻጭ ያለውን ያሳያል፣ ጉድለቱን ይናገራል፣ ገዢ ከገዛ በኋላ ስለ ሻጩ አስተያየቱን ይጽፋል። ዕቃው ከሌለ ግን ሻጩ የሚያሳየው ምንድን ነው? የፋብሪካውን ማስታወቂያ፣ የሌላ ሱቅ ሥዕል ወይም የእኔን ሰማያዊ ጨርቅ።

የሌለውን የሚሸጥ ሁሉ ግን በአንድ ሙቀጫ አይወቀጥም። አንደኛው ዓይነት ገና ገበያ ያልወጣ የፋብሪካ ዕቃ ሻጭ ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2000 አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ሲያወጣ፣ ለመጀመሪያው ቀን ያቀደውን አንድ ሚሊዮን ዕቃ በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ወደ 500 ሺህ ዝቅ አድርጎ ነበር። ሱቅ ቀድመው የተመዘገቡ ሰዎች ዕቃውን ሳያዩት ጨረታ ላይ አወጡት። የሸጡት በእርግጥ ወረፋቸውን ነው። ሱቁ የቀጠራቸውን ቀን ካላከበረ እነሱም የሰጡትን ቃል ማክበር አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ ከሩቅ የማሽኑ ሽያጭ የሚመስል፣ ውስጡ ሲነበብ ግን «የሚሸጠው ፎቶው ነው» የሚል ጨረታ ሁሉ ታየ።

ሁለተኛው ዓይነት የሌላ ሱቅ ዕቃ ሻጭ ነው። ሦስተኛው፣ በእኔ መንደር የሚታየው፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነን ዕቃ ባለቤቱ ሳይሆን የሚያጫርት ነው። ፋብሪካ ያመረተው ዕቃ ቢጠፋ ሌላ ይተካል። ያቺ ጭረት ያለባት ብር ግን ከሄደች ሄደች።

ሒሳቡ

አንድ የካሜራ ሌንስ ሱቅ ውስጥ 200 ዶላር ይሸጣል እንበል። ሻጩ አልገዛውም፤ ፎቶውን ወስዶ በ1 ዶላር መነሻ ጨረታ ያወጣዋል። ጨረታው 280 ዶላር ላይ ከተዘጋ ሄዶ ይገዛል፣ ይልካል፤ የኢቤይን ድርሻና የፖስታውን ከፍሎ የተረፈው የእሱ ነው። 150 ላይ ከተዘጋስ? ለምን 50 ዶላር ይከስራል! «ስጠቅልለው ወድቆ ተሰበረብኝ» ብሎ ይሰርዘዋል። ዕቃውን ገዝቶ የያዘ ሻጭም እንዲህ ሊዋሽ ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ዕቃው ላይ ታስሯል፣ ዛሬ ባይሸጠው ነገ መሸጡ አይቀርም። የሌለው ሻጭ ግን የሚያስረው ምንም ገመድ የለም።

ገዢውን ተመልከቱ። ባሸነፈበት ዋጋ ግዴታ ገብቷል፤ ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቷል፤ በዚያው ሳምንት የወጣ ሌላ ተመሳሳይ ሌንስ ደግሞ «አሁንማ ገዝቻለሁ» ብሎ አሳልፎታል። ዋጋው ለሻጩ ሲጥም ዕቃው ይመጣል፤ ዋጋው ለገዢው ሲጥም ዕቃው ይሰበራል። ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ ርካሽ የማግኘት ዕድሉ ከመጀመሪያው አልነበረም ማለት ነው። ሻጩ በሰው ገንዘብ ዕድሉን ሞከረ፤ ለሙከራው የከፈለው ግን አንዳች ነገር የለም።

ኢቤይ ይህን ያውቃል። ዕቃ ጠፋብኝ ብሎ ሽያጭ የሚሰርዝ ሻጭ ላይ ነጥብ ይያዝበታል፤ ሲደጋገም ደረጃው ይወርዳል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሻጭ «እባክህ አንተ እንደሰረዝከው አድርገህ ላክልኝ» ብሎ ገዢውን የሚለምነው። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው እሺ ማለት የለበትም፤ የሌላውን ሰው ማስጠንቀቂያ እየደመሰሰ ነውና።

የእህቴ ልጅ ክርክር

የእህቴ ልጅ ዕቃ ሳያስቀምጡ መሸጥ የወደፊቱ ንግድ ነው ብሎ ያምናል። «ጋሼ፣ አንተ ገንዘብህን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለህ» ይለኛል። «እኔ መጀመሪያ እሸጣለሁ፣ ከዚያ እገዛለሁ። ምን ክፋት አለው? የአውሮፕላን ትኬትስ ሳትበር አይደል የሚሸጥልህ?»

ልጁ ያለ ምክንያት አይናገርም። ያልደረሰ ሰብል መሸጥ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የእስልምና የንግድ ሕግም በእጅ የሌለን ነገር መሸጥን ቢከለክልም፣ ሰለም የሚባል በር ትቷል። በሰለም ገዢው ዋጋውን ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሻጩ ደግሞ የዕቃውን ዓይነት፣ መጠን፣ ጥራትና የማስረከቢያ ቀን ለይቶ ግዴታ ይገባል። ዕቃውም ገበያ ላይ መሰሉ የሚገኝ፣ እንደ ስንዴ ያለ መሆን አለበት። አንድ ብቻ የሆነ ተለይቶ የታወቀ ዕቃ በሰለም አይሸጥም። የእኔ የምኒልክ ብር እዚያ በር ላይ ትመለሳለች።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር የያዘው መንገድ አለ። ሻጩ ምርቱን መጋዘን ያስገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ወደ ግብይቱ የሚገባው ያንን ይዞ ነው። ገዢው ከረጢቱን ሳያይ በድፍረት የሚገዛው ከረጢቱ መጋዘን እንዳለ ሦስተኛ ወገን ስላረጋገጠለት ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የምመልስለት እንዲህ ነው፤ የሌለህን መሸጥህ አይደለም ነውሩ። የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጥልኝ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ ገና እንዳልበረርኩ እኔም እሱም እያወቅን ነው። አንተ ግን «በእጄ ነው» እያልክ ነው። የገዢው ገንዘብ አደጋ ላይ እንዳለ አንተ ታውቃለህ፣ እሱ አያውቅም።

የኢቤይ ደንብም መሠረቱ ይኸው ነው። ቅድመ ሽያጭ ይፈቀዳል፤ ግን ማስታወቂያው ቅድመ ሽያጭ መሆኑን በግልጽ መናገርና ዕቃው በተወሰነው ጊዜ እንደሚላክ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ከጅምላ አቅራቢ ጋር ተስማምቶ አቅራቢው በቀጥታ ለገዢው እንዲልክ ማድረግም ይቻላል። መጀመሪያ ሸጦ፣ ከዚያ ከሌላ ችርቻሮ ሱቅ ገዝቶ በቀጥታ ለደንበኛ ማስላክ ግን ክልክል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ ኢንተርኔት ሳይታሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ለፖስታ ንግድ ባወጣው ደንብ፣ ሻጭ ዕቃውን በተናገረው ጊዜ፣ ጊዜ ካልተናገረ በ30 ቀን ውስጥ ለመላክ የሚያበቃ ምክንያት ሳይኖረው እንዳያስተዋውቅ አዟል። ከዘገየ ለገዢው ማሳወቅ፣ ገዢው ካልፈለገ ገንዘቡን መመለስ ግዴታው ነው። ደንቡ ዛሬ በኢንተርኔት ለሚሸጥም ይሠራል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ የሚገዙት በጨረታ አይደለም፤ በቴሌግራም ነው። ስልክ፣ ጫማ፣ ላፕቶፕ ፎቶው ይለጠፋል፣ «በትዕዛዝ እናስመጣለን» ይባላል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል። ብዙዎቹ ሻጮች መርካቶ ካለ አስመጪ ወይም ከዱባይ ከሚመጣ ሰው አምጥተው በቃላቸው የሚያደርሱ ናቸው። ችግር ሲፈጠር ግን መሐል ቆሞ ገንዘብ የሚያስመልስ እንደ ኢቤይ ያለ ዳኛ የለም፤ ሻጩ ቻናሉን ዘግቶ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ከአሜሪካኖቹ ደንብ ይልቅ የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሻለ መፍትሔ ያለው ይመስለኛል። ቁጥር 1885 ስለ ቀብድ ሲናገር፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ከላይ ያየነው የሌንስ ሻጭ «ተሰበረብኝ» ሲል ምንም አልከፈለም። በቀብድ ቢሆን ኖሮ ግን ለማፍረሱ ዋጋ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ለትዕዛዝ ዕቃ ሙሉውን ዋጋ ከመላክ በቀብድ መስማማት፣ የቀብዱን መጠንና የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ መያዝ፣ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ መክፈል ይሻላል። ሻጩ ማን እንደሆነና ሱቁ የት እንደሆነ ካልታወቀ ግን የትኛውም ሕግ ለገዢው አይደርስለትም።

የእኔን መንደር የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል «አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ከከፈልክ አስመጣልሃለሁ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ ዕቃው በእጁ አለመኖሩ ትንሹ ችግር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ያ ሰው ሊያመጣው የማይችለውን እየሸጠ ነው፤ ካመጣውም የባሰ ነው።

ከመክፈል በፊት

እኔ ስገዛ ሻጩን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ዕቃውን የዛሬው ቀንና ስሜ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አድርጎ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ። ዕቃው ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ወዲያው ያደርገዋል። የሌለው ሰው ሰበብ ያበዛል። ፎቶውን ጉግል ላይ በምስል ፍለጋ ብታስገቡት ደግሞ የሌላ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያሳያችኋል። የሻጩን የቆየ ሽያጭም ማየት ነው፤ ሲሸጥ የኖረው ርካሽ የስልክ ሽፋን ሆኖ ዛሬ ድንገት አሥር ላፕቶፕ ካወጣ መጠርጠር ደግ ነው።

ከከፈላችሁ በኋላ ቀን ቁጠሩ። ኢቤይ ላይ አቤቱታ የሚቀርበው ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ ነው። «ትንሽ ታገሥ፣ ጉምሩክ ይዞት ነው» የሚለው ሻጭ ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው እስኪያልፍ እያዘናጋም ሊሆን ይችላል። ከኢቤይ ውጪ በገንዘብ ማስተላለፊያ ላክልኝ የሚልን ደግሞ መስማትም አያስፈልግም።

የእህቴ ልጅ ንግዱን አልተወም፤ እኔም ተው አላልኩትም። ማስታወቂያው ላይ ግን ሦስት ነገር እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ፤ ዕቃው ገና በእጁ እንደሌለ፣ የሚደርስበትን ቀን፣ ካልደረሰ ገንዘቡ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ። «እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ይህን ካነበበ በኋላ የማይገዛው ሰው፣ ሳያነብ ቢገዛም ከሚጣላው ሰው ጋር አንድ ነው አልኩት።