የታቀፈችውን ዶሮ ከእንቁላሏ ላይ ያስነሳት ምንድን ነው?

በጓሮዋ አምስት ስድስት ዶሮ የምታረባ እናት፣ ዶሮዎቿ ሲያንቀላፉና እንቁላል ሲያቋርጡ በመጀመሪያ የምትጠረጥረው ፈንግልን ነው። መጠርጠሯም አያስወቅሳትም፤ ፈንግል በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡን ባዶ ሊያስቀር የሚችል በሽታ መሆኑ የታወቀ ነው። ለፈንግል ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚመረተው ክትባት አለ። ይሁን እንጂ የተከተበችም ዶሮ ስትከሳና እንቁላል ስታቆም ይታያል። ክትባቱ ቅማልንም ሆነ የአንጀት ትልን አይነካምና።

በቡሬ ከተማ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት 12 እንቁላል ያስታቀፏት ዶሮ በ14ኛው ቀን ጥላ ተነሳችባቸው። ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት። «ዓይን በልቷት ነው» ብለው ለቅዳሜ ገበያ ሊያወጧት ተሰናድተው ነበር። ላባዋን ቀን ላይ ገልጠው ቢያዩ ምንም አላገኙም።

«እትዬ፣ ማታ በመብራት አይተዋታል?» አልኳቸው።

«ማታ ደግሞ የዶሮ ምኗ ይታያል ልጄ!» አሉኝ።

ሲመሽ ባትሪ ይዘን ገባን። በቆጡ እንጨት ስንጥቅና ዶሮዋ በታቀፈችበት እንቅብ ጠርዝ ላይ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ቀያይ ተባዮች ይርመሰመሱ ነበር። እንጨቱን በጣቴ ብጫነው ደም ቀባኝ። የዶሮዋ ደም ነው።

ይህ ተባይ ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ደም የሚመጠው ሌሊት ነው። ስለዚህ ቀን ፈልጎ ማጣት አያስገርምም። እንቁላል ታቅፋ የምትተኛ ዶሮ ደግሞ ሸሽታ የምታመልጥበት የላትም፤ ሲበዛባት ጥላ ትነሳለች። ሙቀት ባለበት ወቅት ተባዩ በሳምንት ገደማ ውስጥ ይራባል፤ ደም ሳያገኝም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ዶሮዋን ብቻ አክሞ ቆጡን መተው ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። አሮጌው ጭድ ተጠርጎ ይቃጠል፤ ቆጡ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ስንጥቁ ለዶሮ ቤት በተፈቀደ መድኃኒት ይረጭ፤ ከሳምንት በኋላም ይደገም። ድጋሚው ከተዘለለ ከዕንቁላሉ የተፈለፈለው አዲሱ ትውልድ ቤቱን ይወርሰዋል።

ቅማል ግን ከዶሮዋ ገላ አይለይም። ከጅራቷ ሥር ላባውን ገልጣችሁ እዩ፤ በላባው ሥር የተለጠፈ ነጭ ክምር ካያችሁ ዕንቁላሉ ነው። ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ የፐርሜትሪን ዱቄት ከላባው ሥር ይነሰነስና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። እናቶቻችን ለዶሮ መንከባለያ የሚያዘጋጁላት ደረቅ አፈርና አመድም ቅማሉን ይቀንሳል፤ ሥር የሰደደውን ግን ብቻውን አያጠፋም። እግሯ ቅርፊት አውጥቶ ከሻከረ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር የሚኖር ሌላ ተባይ ነውና በሞቀ የሳሙና ውኃ አለስልሳችሁ ቫዝሊን ቀቡት፤ እስኪድን ደጋግሙት። ላምባ መቀባት ቆዳዋን ያቃጥላልና ይቅር።

አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በርበሬ አብቃይ አገር ናቸው፤ ለማሳ የተገዛ የፀረ ተባይ መድኃኒት ከብዙ ቤት አይጠፋም። «ትንሽ ጠብ ባደርግባትስ?» የምትል እናት አጋጥማኛለች። አይደረግም! መርዙ በቆዳዋ ገብቶ ወደ እንቁላሉ ይተላለፋል፤ እንቁላሉን የሚበላው ደግሞ ሕፃኑ ነው።

ወደ ውስጡ ስንመጣ፣ የአንጀት ትልን ለማወቅ የበዓል ዶሮ ስታርዱ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ብልቱን ካወጣችሁ በኋላ አንጀቱን ከመጣላችሁ በፊት ሰንጥቁት። ከ5 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነጭ ክብ ትል ካያችሁ የዶሮ ወስፋት ነው፤ ወደ ሰው ስለማይተላለፍ አትደንግጡ፤ እጃችሁንና ቢላዋውን ግን በሳሙና ታጠቡ። እንደ ክር ጥብጣብ የተቆራረጠው የኮሶ ዘመድ ሲሆን ዶሮዋ ጉንዳንና ጥንዚዛ ስትለቅም ያገኘችው ነው። የአንዷ አንጀት የቀሩትን ሁኔታ ይነግራችኋል፤ በአንድ ግቢ ነው የሚጭሩት።

ፒፔራዚን ወስፋቱን ያወጣል፣ ለኮሶው ግን አይሠራም፤ አልቤንዳዞል ለሁለቱም ይሰጣል። መጠኑ በዶሮዋ ክብደት ስለሚወሰን በወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከመድኃኒቱ በኋላ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደማይበላም አብራችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ጫጩቶች ተኮራምተው ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከጣሉ ግን ትል አይደለም፤ ኮክሲዲያ ነውና የትል መድኃኒት አይረዳቸውም። በውኃ የሚሰጥ አምፕሮሊየም በቶሎ ይፈለግላቸው፤ እርጥቡ ጭድም በደረቅ ይለወጥ።

በሥራ የምትውሉ እናቶች ጊዜ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። የቆጡ ፍተሻ የሚደረገው ግን ሲመሽ ነው፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። የእንቁላሉ ገንዘብ በብዙ ቤት የእናትየዋ የግሏ መሆኑን፣ ከማንም ሳትጠይቅ ደብተርና ጨው የምትገዛበት መሆኑን ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

የቡሬዋ እናት 12ቱ እንቁላሎች ቀዝቅዘው ባከኑባቸው። እንቅቡን ከነጭዱ አቃጥለው ቆጡን በፈላ ውኃ አጠቡት። ዶሮዋ ገበያ አልወጣችም። ለሁለተኛው ርጭት ያሰቡትን ቀን ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ላይ በከሰል አክብበው አሳዩኝ።