ድምፅና ድርሻ፦ ስለ አስተዳደር ቶክን የሚወራውና እውነታው

በሐዋሳ መሃል ከተማ ከሰዓት በኋላ ካፌ ገብቶ የወጣቶችን ወሬ ለሰማ ሰው፣ ኮይንና ኤርድሮፕ (በነፃ የሚታደል ቶክን) ሳይነሳ የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉ ጨዋታዎች በቴሌግራም መጥተው ስንቱን ወጣት ስልክ ላይ አፍጥጦ እንዲውል አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ ወሬው ወደ ዲፋይ ተሻግሯል፤ ባንክ መሃል ሳይገባ ስማርት ኮንትራት በሚባል ራሱን በሚያስፈጽም ኮድ ብቻ ወደሚበደሩበት፣ ወደሚያበድሩበትና ወደሚመነዝሩበት አሠራር ማለት ነው። እዚያ «የአስተዳደር ቶክን» የሚባል አለ፤ የያዘው ሰው የፕሮቶኮሉን፣ ማለትም አሠራሩን የሚመራውን ኮድ፣ ደንብ ለመቀየር ድምፅ ይሰጣል። ስለ ዋጋው ከሚነገረው ውስጥ ግን ብዙው ስህተት ነው፤ ስህተቱም ያጠራቀሙትን ገንዘብ ያስበላል።

ተረት፦ «ቶክኑን ከገዛህ የድርጅቱ ባለቤት ሆንክ ማለት ነው፤ ድርጅቱ ሲያድግ አብረህ ታድጋለህ።»

በአገራችን የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ባለአክሲዮን የሆነ ሰው ያለው ድምፅ ብቻ አይደለም። ትርፍ ሲከፋፈል ድርሻ አለው፣ ማኅበሩ ሲፈርስ ዕዳ ተከፍሎ ከተረፈው ላይም ድርሻ አለው፤ መብቱ ቢነካበት የሚከስበት ፍርድ ቤት አለ። የአስተዳደር ቶክን ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ድምፁን ብቻ ነው። ይህን ከዩኒስዋፕ በላይ የሚያሳይ የለም።

ዩኒስዋፕ በዲፋይ ዓለም ካሉት ትልልቅ የምንዛሪ ገበያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ዩኒ የተባለውን ቶክኑን ሲያወጣ፣ ቀደም ሲል ለተጠቀመበት ለእያንዳንዱ የዋሌት (የዲጂታል ቦርሳ) አድራሻ 400 ዩኒ በነፃ ሰጠ። በጠቅላላው ከታሰበው 1 ቢሊዮን ዩኒ 60 በመቶው ለተጠቃሚው ማኅበረሰብ፣ የቀረው ለሠራተኞች፣ ለባለሀብቶችና ለአማካሪዎች ተመደበ። በግንቦት 2021 አንዱ ዩኒ 44 ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ያ 400 ዩኒ ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ቀጣዩን ኤርድሮፕ ቢያሳድድ አይገርምም።

ቀጥሎ የሆነውን ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። በግንቦት 2022 በዩኒስዋፕ ላይ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተገበያየው ገንዘብ 1 ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። ገበያው ደራ። ሆኖም በቀጣዩ ወር ዩኒ ከ5 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። እርግጥ ያን ጊዜ የክሪፕቶ ገበያ በሙሉ ወርዷል፤ ነገር ግን ቶክኑን ከገበያው ገቢ ጋር የሚያስተሳስረው ምንም ነገር አልነበረም። በሁለተኛው የዩኒስዋፕ ስሪት አንድ ሰው ሲመነዝር 0.3 በመቶ ይከፍላል፤ ያን ጊዜ ክፍያው በሙሉ የሚሄደው ለምንዛሪው ገንዘባቸውን ላስቀመጡ ሰዎች ነበር። ከዚያ ላይ 0.05 በመቶውን ወደ ፕሮቶኮሉ የሚያዞር ማብሪያ ኮዱ ውስጥ ከመነሻው ተጽፏል፤ የማብራቱ ሥልጣንም ለቶክን ባለይዞታዎች የተተወ ነበር። ማብሪያው ከአምስት ዓመት በላይ ጠፍቶ ቆየ። እንዲበራ በድምፅ የተወሰነው በታኅሣሥ 2025 ሲሆን፣ ያን ጊዜም 100 ሚሊዮን ዩኒ ለዘለዓለም ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዩኒ የገዛ ሰው የገዛው ገቢ አልነበረም፤ አንድ ቀን ገቢ ይኖር ይሆናል የሚል ተስፋ ነው። ተስፋም ዋጋ ይኖረዋል፣ ይሸጣል ይገዛል። ግን እንደ ተስፋ ይመዘን እንጂ እንደ ባለቤትነት አይመዘን።

ተረት፦ «ዲፋይ ዴሞክራሲ ነው፤ የሁላችንም ድምፅ እኩል ነው።»

ይህን የሚል ሰው እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ያለውን የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አላየም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ (ቁጥር 985/2009) መሠረት በመሠረታዊ ማኅበር ውስጥ አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ አንድ እጣ ይግዛ ሃምሳ እጣ ይግዛ ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የሲዳማን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ያቋቋሙት እንዲህ ያሉ ማኅበራት ናቸው። በአስተዳደር ቶክን ግን የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ቶክን ነው። ቼይናሊሲስ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2022 አሥር ታላላቅ የዲፋይና ተመሳሳይ ማኅበራትን መርምሮ፣ 90 በመቶው የድምፅ ኃይል ከባለይዞታዎች 1 በመቶ በማይሞሉት እጅ እንዳለ አሳይቷል። ብዙኃኑ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። በዩኒስዋፕ ለድምፅ የቀረበው የመጀመሪያው የውሳኔ ሐሳብ በጥቅምት 2020 የወደቀው ተቃዋሚ በዝቶበት አይደለም። የሚያስፈልገው ድጋፍ 40 ሚሊዮን ድምፅ ሲሆን ያገኘው 39.6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የተቃወመው 1 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

ድምፅ በገንዘብ ሲገዛ ምን ሊመጣ እንደሚችል ቢንስቶክ በተባለው ፕሮቶኮል ላይ ታይቷል። በሚያዝያ 2022 አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች አስገባ። አንደኛው ለዩክሬን 250 ሺህ ዶላር ዕርዳታ ይሰጥ የሚል ነው፤ ሌላው የፕሮቶኮሉን ካዝና ወደ ራሱ የሚያዞር ነው። ደንቡ አስቸኳይ ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘና አንድ ቀን ካለፈው ወዲያው ይፈጸም ይል ነበር። ሰውዬው ቀኑ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያም ያለ መያዣ ተወስዶ እዚያው ግብይት ውስጥ የሚመለሰውን ፍላሽ ሎን የሚባል ብድር፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተበደረ፤ በእሱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያዘ፣ ለራሱ ሐሳብ ድምፅ ሰጠ፣ ሐሳቡም ጸደቀ፣ ካዝናው ተራቆተ፣ ብድሩም ተመለሰ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በአንድ ግብይት ውስጥ ነው። ፕሮቶኮሉ ያጣው 182 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ለሰውዬው የተረፈው ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኮዱ አልተሰበረም፤ ደንቡ እንደተጻፈው ሠራ። የገበሬ ማኅበር ውስጥ ሰው ለአንድ ቀን ድምፅ ተበድሮ ገብቶ መጋዘኑን ባዶ ማድረግ አይችልም። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ደንብ ምን ያህል እንደሚጠብቀን የገባኝ ይህን ታሪክ ሳነብ ነው።

ተረት፦ «እንግዲያው ቶክኑ ባዶ ነው፤ ምንም ዋጋ የለውም።»

ይህም ልክ አይደለም። ድምፅ ካዝና ወይም ገቢ ሲያዝዝ ዋጋ ያወጣል። በሐምሌ 2024 ተባብረው የቆሙ ባለይዞታዎች ኮምፓውንድ ከተባለው የብድር ፕሮቶኮል ካዝና 499 ሺህ ቶክን፣ በወቅቱ ዋጋ 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ እነሱ ወዳዘጋጁት ቦታ እንዲዛወር በጠባብ ልዩነት አስወስነው ነበር። ጩኸት ተነስቶ በድርድር ተሰረዘ እንጂ ድምፁ ሠርቷል። ሜከርዳኦ የተባለው ፕሮቶኮል ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ትርፍ ሲኖር ኤምኬአር የተባለውን ቶክኑን ከገበያ እየገዛ ያስወግድ ነበር፤ ኪሳራ ሲመጣ ግን አዲስ ቶክን አትሞ ይሸጥ ነበር። በመጋቢት 2020 ገበያው በአንድ ቀን ሲወድቅ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት ታየ፤ ጉድለቱ የተሸፈነው አዲስ ኤምኬአር ለጨረታ ቀርቦ ነው። ድምፅ ሰጪዎቹ የውሳኔያቸውን ዕዳ ራሳቸው ተሸከሙ። በእኔ ዳኝነት ከዚህ ሁሉ ቶክን ለአክሲዮን የሚቀርበው እንዲህ ያለው ነው፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ከድምፁ ጋር የታሰረ።

ተረት፦ «መንግሥት ከካርዳኖ ጋር ተፈራርሟል፤ ስለዚህ ኤዳ ዋስትና አለው።»

ስምምነቱ እውነት ነው። በሚያዝያ 2021 ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የገነባው ኩባንያ በ3,500 ትምህርት ቤቶች ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ዲጂታል መታወቂያና የውጤት መዝገብ ለማዘጋጀት መስማማታቸው ይፋ ሆነ። ነገር ግን ይህ ስምምነት የካርዳኖን ቶክን ኤዳን ለያዘ ሰው ከትምህርት ቤቶቻችን ምንም ገቢ አላስገኘም። በመስከረም 2021 ከ3 ዶላር በላይ የነበረው ኤዳ በ2022 መጨረሻ ወደ 25 ሳንቲም ወርዶ ነበር። የብሔራዊ ባንክ አቋም ደግሞ የታወቀ ነው፤ በሰኔ 2022 በኢትዮጵያ ውስጥ በክሪፕቶ መክፈልና ማዘዋወር ሕገወጥ መሆኑን አሳስቧል። ስለዚህ ክሪፕቶ ለመግዛት በፒቱፒ፣ ማለትም ከግለሰብ ለግለሰብ፣ የላኩት ብር ቢበላ አቤት የሚባልበት በር ጠባብ ነው።

አሁንም የአስተዳደር ቶክን ለመግዛት የምታስቡ የሐዋሳ ወጣቶች፣ ሁለት ነገር ሳታጣሩ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ፦ ይህ ድምፅ የሚያዝዘው የትኛውን ገንዘብ ነው? ከድምፁስ ስንት በመቶው በስንት የዋሌት አድራሻ ተይዟል? ሁለቱም በብሎክቼይኑ ላይ ለማንም ሰው ክፍት ሆነው ይታያሉ። የሚሸጥላችሁ ሰው ቁጥሩን ከፍቶ ሊያሳያችሁ ካልፈለገ የዕቁብ ገንዘባችሁን አትስጡት።